የሽልማት ካርድና የቤተሰብ ጉዞ

«ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚለው አባባል ያለ በቂ ምክንያት በራስ ላይ ዕዳ መጫን ሞኝነት መሆኑን ያስገነዝባል። አባባሉ የተነገረው ስለ እህል ቢሆንም ቁም ነገሩ ለዘመናችን የገንዘብ አያያዝም ይሠራል። ዛሬ ብድር በቁና ተሰፍሮ ብቻ ሳይሆን ከመዳፍ በምታንስ የፕላስቲክ ካርድም ይመጣል፤ ያውም ሽልማት ተመርቆበት። «አስቤዛህን በዚህች ካርድ ግዛ፤ በምላሹም የአውሮፕላን ቲኬት በነፃ ታገኛለህ» የሚል ግብዣ ሲቀርብ ተጋባዡ ሊቀበል ይገባዋልን? ቢቀበልስ ከብዙዎቹ ካርዶች መካከል የትኛውን ይምረጥ?

ይህ ዓይነቱ ካርድ በስፋት የሚሠራበት አገር አሜሪካ ነው። ይሁን እንጂ ነገሩ ከእኛ የራቀ አይደለም። በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። አገር ቤት ያሉ ወላጆቻቸውን ለመጠየቅ ሲያስቡ የመጀመሪያው ጭንቀታቸው የቲኬቱ ዋጋ ነው። ስለዚህ በዚህ ምንባብ አንድ ቤተሰብ የሽልማት ካርድ ሲመርጥ ምን ምን ነገሮችን ማመዛዘን እንዳለበት እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ክሬዲት ካርድ ምን እንደሆነ እንረዳ። ክሬዲት ካርድ ባንክ ለደንበኛው የሚሰጠው የአጭር ጊዜ ብድር መሣሪያ ነው። ደንበኛው በሱቅ ዕቃ ሲገዛ ለባለ ሱቁ የሚከፍለው ባንኩ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ለባንኩ ይከፍላል። ዕዳውን በተወሰነው ቀን ሙሉ በሙሉ ከከፈለ ለገዛው ዕቃ ወለድ አይጠየቅም። ከፊሉን ብቻ ከፍሎ ከፊሉን ካሳደረ ግን ወለድ ይታሰብበታል። የዚህ አሠራር ታሪክ ረጅም አይደለም። ዳይነርስ ክለብ የተባለው ካርድ በኒው ዮርክ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ባንክ ኦፍ አሜሪካ ፍሬዝኖ በተባለችው የካሊፎርኒያ ከተማ ወደ 60,000 ለሚጠጉ ነዋሪዎች ካርድ በፖስታ ላከ፤ ያም ካርድ እ.ኤ.አ. በ1976 ቪዛ የሚለውን ስም ያዘ።

የአየር መንገዶች ሽልማት ደግሞ ከዚህ በኋላ የመጣ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 ለደንበኞቹ የበረሩትን ርቀት በማይል እየመዘገበ በነፃ ቲኬት የሚመልስ ፕሮግራም አቋቋመ። ዩናይትድ ኤርላይንስም በዚያው ወር ተከተለው። ቆየት ብሎ ባንኮችና አየር መንገዶች ተስማምተው፣ ሰው በአውሮፕላን ሳይሳፈር ዳቦና ነዳጅ በመግዛት ብቻ ማይል እንዲያጠራቅም አደረጉ።

ለመሆኑ ይህ ሽልማት ከየት ይመጣል? ባንኩ ማይሉን ከአየር መንገዱ በገንዘብ ይገዛል። ለዚህ የሚያወጣውንም ገንዘብ ከሦስት ወገን ይሰበስባል፤ ይኸውም ባለ ሱቁ በእያንዳንዱ ሽያጭ ከሚቆረጥበት ሒሳብ፣ ባለ ካርዱ ከሚከፍለው ዓመታዊ ክፍያና ዕዳቸውን ካሳደሩ ደንበኞች ከሚገኘው ወለድ ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ ዕዳውን በየወሩ የሚያጠናቅቅ ሰው ከሽልማቱ ሲጠቀም ዕዳውን የሚያሳድር ሰው ግን የሌላውን ሽልማት ጭምር የሚከፍል መሆኑን ነው።

አሁን ነገሩን በምሳሌ እንየው። በዋሽንግተን አቅራቢያ የሚኖር አንድ ቤተሰብ አለ እንበል። አባት፣ እናት፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅና የአንድ ዓመት ሕፃን ናቸው። የልጆቹ አያት በደሴ ከተማ ይኖራሉ፤ ሕፃኑን በዓይናቸው አላዩትም። ቤተሰቡ ከሁለት ዓመት በኋላ አራቱም አብረው ለመሄድ አስበዋል። ይህ ቤተሰብ ካርድ ከመምረጡ በፊት ራሱን አራት ጥያቄዎች መጠየቅ ይገባዋል፤ እነሱም ወዴት እንሄዳለን? ስንት መቀመጫ ያስፈልገናል? በወር ምን ያህል እናወጣለን? ዕዳችንንስ በወሩ መጨረሻ መክፈል እንችላለን? የሚሉት ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መድረሻውን ይመለከታል። ማይል ዋጋ የሚኖረው ወደሚፈለገው ቦታ የሚያደርስ አውሮፕላን ሲኖር ብቻ ነው። ለምሳሌ ሳውዝዌስት ኤርላይንስ በአሜሪካ ውስጥ ለሚጓዝ ቤተሰብ የሚስማማ ቢሆንም በራሱ አውሮፕላን ወደ አፍሪካ አይበርም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2011 ስታር አላያንስ በተባለው የአየር መንገዶች ማኅበር አባል ሆኗል፤ ዩናይትድም የዚሁ ማኅበር መሥራች አባል ነው። ስለሆነም በዩናይትድ ካርድ የተጠራቀመ ማይል በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ መቀመጫ ሊያስገኝ ይችላል። ከዚህ የተነሣ ካርዱ የማን እንደሆነ ብቻ ሳይሆን አየር መንገዱ ከእነማን ጋር እንደተባበረም መመርመር ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ጥያቄ የመቀመጫ ብዛት ነው። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን በወላጁ ጭን ላይ ሲጓዝ በውጭ አገር በረራ አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈልለት ከአዋቂው ዋጋ አሥር በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን የዛሬው የአንድ ዓመት ሕፃን ማይሉ እስኪጠራቀም ሦስት ዓመት ይሞላዋል፤ የራሱም መቀመጫ ሊገዛለት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ቤተሰቡ ማሰላት ያለበት በሦስት መቀመጫ ሳይሆን በአራት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ወጪን ይመለከታል። ቤተሰቡ ለምግብ፣ ለነዳጅና ለልዩ ልዩ ፍጆታ በወር 1,000 ዶላር ያወጣል እንበል፤ በሁለት ዓመት 24,000 ዶላር ይሆናል። ሦስት ካርዶችም ቀርበውለታል እንበል።

ካርድ ሀ፦ ዓመታዊ ክፍያው 95 ዶላር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወሮች 3,000 ዶላር ላወጣ ሰው 60,000 ማይል ጉርሻ ይሰጣል። ከዚያም ለእያንዳንዱ ዶላር አንድ ማይል ይሰጣል።

ካርድ ለ፦ ዓመታዊ ክፍያ የለውም። ጉርሻው 10,000 ማይል ነው። እሱም ለእያንዳንዱ ዶላር አንድ ማይል ይሰጣል።

ካርድ ሐ፦ ዓመታዊ ክፍያም ማይልም የለውም። ከወጣው ገንዘብ ሁለት በመቶውን በጥሬ ገንዘብ ይመልሳል።

የአንድ ሰው ደርሶ መልስ ቲኬት 1,300 ዶላር፣ ወይም 80,000 ማይልና 100 ዶላር ለታክስ ይጠይቃል እንበል። እዚህ ላይ «ነፃ ቲኬት» የሚባለው ፈጽሞ ነፃ አለመሆኑን ልብ ይሏል፤ ታክስና ልዩ ልዩ ክፍያዎች በገንዘብ ይከፈላሉና። እንግዲህ 80,000 ማይል የሚያድነው 1,200 ዶላር ስለሆነ አንዱ ማይል አንድ ሳንቲም ተኩል ያወጣል ማለት ነው።

በሁለት ዓመት ውስጥ ካርድ ሀ 84,000 ማይል ያስገኛል፤ ይህም አንድ ቲኬት ያወጣል። ካርድ ለ 34,000 ማይል ያስገኛል። በወረቀት ላይ ሲታሰብ ይህ 510 ዶላር ያወጣል፤ ነገር ግን ለአንድ ቲኬት ስለማይበቃ ቤተሰቡ በጉዞው ቀን ሊጠቀምበት አይችልም። ግማሽ መቀመጫ የለምና። ካርድ ሐ 480 ዶላር ይመልሳል፤ ይህም ትንሽ ቢመስል ወዲያውኑ ከቲኬቱ ዋጋ ላይ ይቀነሳል።

የአራቱ ሰዎች ቲኬት በገንዘብ ቢገዛ 5,200 ዶላር ይሆናል። በካርድ ሀ የሚጠቀም ቤተሰብ ሦስት ቲኬት በ3,900 ዶላር ገዝቶ፣ ለአራተኛው 100 ዶላር ታክስ ከፍሎ፣ የካርዱን የሁለት ዓመት ክፍያ 190 ዶላር ሲጨምርበት ጠቅላላ ወጪው 4,190 ዶላር ይሆናል። በካርድ ሐ የሚጠቀመው ደግሞ 4,720 ዶላር ያወጣል። ስለዚህ ካርድ ሀ 530 ዶላር ብልጫ አለው። ካርድ ለ ዓመታዊ ክፍያ ስለሌለው ብቻ የተሻለ የሚመስለው ለላይ ላዩ ተመልካች ነው።

ይሁን እንጂ የካርድ ሀ ብልጫ የመጣው ከጉርሻው እንጂ ከዕለት ተዕለቱ ግዢ አይደለም። ጉርሻው ካለቀ በኋላ በዓመት የሚያስገኘው 12,000 ማይል 180 ዶላር ያወጣል፤ ከዚህ ላይ 95 ዶላር ሲቀነስ የሚተርፈው 85 ዶላር ብቻ ነው። ካርድ ሐ ግን በዓመት 240 ዶላር ይመልሳል። እንግዲህ አስተዋይ ቤተሰብ በካርድ ሀ ተጠቅሞ ቲኬቱን ከቆረጠ በኋላ ሦስተኛውን ዓመት ከመክፈሉ በፊት ነገሩን እንደገና ማመዛዘን አለበት።

አራተኛው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ከእ.ኤ.አ. 2023 ወዲህ በአሜሪካ የክሬዲት ካርድ አማካይ ወለድ በዓመት ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ቆይቷል። ቤተሰቡ ጉርሻውን ለማግኘት ሲል የመጀመሪያውን 3,000 ዶላር አውጥቶ መክፈል አቃተው እንበል። ወለዱ በዓመት 24 በመቶ ቢሆን በወር ሁለት በመቶ፣ ማለትም 60 ዶላር ይሆናል። ዋናው ዕዳ ሳይቀነስ ቢቆይ በአሥራ አምስት ወር ውስጥ ወለዱ 900 ዶላር ይደርሳል። የ60,000 ማይሉ ጉርሻ ዋጋም ልክ 900 ዶላር ነው። ስለዚህ ሽልማቱ ተሟጦ ያልቃል፤ ዕዳው ግን ይቀራል። ጉርሻውን ለመሙላት ሲባል የማያስፈልግ ዕቃ መግዛትም ከዚህ የተለየ አይደለም። ወጪው መጀመሪያ ይመጣል፤ ሽልማቱ ይከተላል እንጂ ለሽልማቱ ሲባል ወጪ አይፈጠርም።

ከእነዚህ በተጨማሪ ሌሎች ጥንቃቄዎችም አሉ። አንደኛ፣ ማይል እንደ ገንዘብ ዋጋው የተጠበቀ አይደለም። አየር መንገዱ የሚጠይቀውን የማይል ብዛት በፈለገው ጊዜ ሊጨምር ይችላል። ዴልታ እ.ኤ.አ. በ2015፣ ዩናይትድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ለየመስመሩ የሚጠይቁትን የማይል ሠንጠረዥ ማውጣት አቁመዋል። ስለዚህ ማይልን ለብዙ ዓመት ማከማቸት አይመከርም። ሁለተኛ፣ በአንድ አውሮፕላን ላይ በማይል የሚሰጡት መቀመጫዎች ጥቂት ናቸው፤ ተጓዥ በሚበዛበት ወቅት ደግሞ ይበልጥ ይመነምናሉ። ሦስተኛ፣ ከካርዱ ጋር የሚመጣው የነፃ ሻንጣ ጥቅም ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው በካርዱ አየር መንገድ አውሮፕላን ላይ እንጂ በተባባሪው ላይ አይደለም። አራተኛ፣ አንዳንድ ካርዶች ከአሜሪካ ውጭ በሚደረግ ግዢ ላይ ሦስት በመቶ ያህል ተጨማሪ ክፍያ ይጠይቃሉ። እነዚህን ሁሉ ለማወቅ የካርዱን ውል ማንበብ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የአሜሪካ ሕግም አበዳሪዎች የወለዱን መጠንና ክፍያዎቹን በግልጽ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ ሳያነብ የፈረመ ሰው ግን ሕጉ የሰጠውን መብት ሳይጠቀምበት ይቀራል።

በመጨረሻም ሒሳብ ብቻውን የማይፈታው አንድ ነገር አለ። የደሴዋ አያት በድንገት ቢታመሙ ቤተሰቡ ማይሉ እስኪሞላና መቀመጫ እስኪገኝ ሊጠብቅ አይችልም። በዚያ ቀን የሚያስፈልገው በማንኛውም አየር መንገድ ቲኬት የሚገዛ ጥሬ ገንዘብ ነው። ስለዚህ አዛውንት ወላጅ ያለው ቤተሰብ ብልጫው 530 ዶላር ነው ብሎ ተስፋውን ሁሉ በማይል ላይ ከመጣል፣ ጥቂትም ቢሆን ለክፉ ቀን የሚሆን ገንዘብ ለብቻ ማስቀመጥ ይገባዋል።

በአጠቃላይ ለሁሉም ቤተሰብ የሚሆን አንድ ካርድ የለም። ዕዳውን በየወሩ የሚከፍል፣ መድረሻውን የሚያውቅና ጉርሻውን በተለመደው ወጪው የሚሞላ ቤተሰብ ከማይል ካርድ ሊጠቀም ይችላል። የጉዞው ቀን ያልተወሰነ ወይም ወጪው አነስተኛ የሆነ ቤተሰብ ገንዘብ የሚመልሰውን ካርድ ቢመርጥ ይሻለዋል። ዕዳውን ማሳደር ልማዱ የሆነ ግን ከሦስቱ አንዱንም ባይዝ ይበጀዋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንደተባለው፣ ካርዱን ከመያዝ ሒሳቡን ማወቅ ይቅደም።

የአንብቦ መረዳት ጥያቄዎች

1. ባንኩ ለሽልማት የሚያወጣውን ገንዘብ ከእነማን ይሰበስባል?
2. 34,000 ማይል 510 ዶላር ያወጣል ከተባለ በኋላ ቤተሰቡ ሊጠቀምበት አይችልም የተባለው ለምንድን ነው?
3. የቤተሰቡ የወር ወጪ 500 ዶላር ቢሆን ካርድ ሀ ጉርሻውን ያስገኝለት ነበርን? መልሳችሁን በስሌት አስረዱ።
4. ጸሐፊው የአያቲቱን ሕመም በመጨረሻ ያነሣው ለምን ይመስላችኋል?
5. ሁለት ነገሮችን መርጣችሁ ጥቅምና ጉዳታቸውን በማነጻጸር ሦስት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ። በመጨረሻው አንቀጽ የትኛው ለማን እንደሚስማማ ከነምክንያቱ አመልክቱ።