ላብን ያገዘ ነፋስ

በጃፓን በጋ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ ጀርባቸው ተነፍቶ የሚታይ ሠራተኞች አሉ። የለበሱት ጃኬት ነው፤ ዚፑም እስከ አንገት ተዘግቷል። ከወገባቸው ትንሽ ከፍ ብሎ በግራና በቀኝ መዳፍ የሚያህሉ ሁለት ቬንትሌተሮች ጨርቁ ላይ ተሰክተው ያጉረመርማሉ። በ35 ዲግሪ ሙቀት ሰው ልብስ ያወልቃል እንጂ ይደርባል ብሎ ማን ያስባል?

ያሰቡት ሰው ሂሮሺ ኢቺጋያ ይባላሉ፤ የሶኒ መሐንዲስ ነበሩ። በ1991 (ዓመተ ምሕረቱም ወሩም ቀኑም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ከሶኒ ወጥተው አነስተኛ የምርምር ድርጅት ከፈቱ። ሥራቸው በድሮው፣ ጀርባው በሚያብጠው ቴሌቪዥን ውስጥ ያለውን የመስታወት ቱቦ የሚለካ መሣሪያ መሥራትና መሸጥ ነበር። ጠፍጣፋው ስክሪን ደጅ ላይ ቆሞ ስለነበር የዚያ ገበያ ዕድሜ አጭር መሆኑ አልጠፋቸውም። በ1990ዎቹ መጨረሻ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ብቅ ሲሉ ያዩት ነገር ግን ሐሳባቸውን ወደ ሌላ ወሰደው። በየከተማው ፎቅ ይገነባል፤ በዚያ ወበቅ ውስጥ እያንዳንዱ ፎቅ ኤሲ ሊገጠምለት ነው። ኤሲው መብራት ይበላል፤ መብራቱን ለማመንጨት ነዳጅ ይቃጠላል፤ ነዳጁ ምድርን ያሞቃል፤ ሲሞቅ ደግሞ ሌላ ኤሲ ይገዛል።

ክፍል ሲቀዘቅዝ ግድግዳው፣ ጠረጴዛው፣ ማንም የማይቀመጥበት ጥግ ሁሉ አብሮ ይቀዘቅዛል። የሚሞቀው ግን ሰውየውን ነው። ታዲያ ሰውየውን ብቻ ማቀዝቀዝ ለምን አይቻልም?

ጥያቄው አዲስ አልነበረም። በ1966 የጀሚኒ 9 ጠፈርተኛ ዩጂን ሰርናን ከመንኮራኩሩ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ያህል ሲታገል፣ ልብሱ ውስጥ የሚነፍሰው ኦክስጅን የሰውነቱን ሙቀት ሊያወጣለት አልቻለም። የራስ ቁሩ መስታወት በላቡ ጉም ለብሶ ማየት ተሳነው። ከዚያ በኋላ ወደ ጨረቃ የሄዱት የአፖሎ ጠፈርተኞች ውሃ የሚዘዋወርባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች የተሰፉበት የውስጥ ልብስ ለብሰው ወጡ። ነፋስ ሰነፍ ነው፤ ሰውን የሚያቀዘቅዝ ውሃ ነው የሚለው እምነት ከዚያ ወዲህ ጸና።

ኢቺጋያም የጀመሩት ከውሃ ነው። ትንሽ ታንክ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ ጨርቁን የሚያርስ ውሃ፣ ያንን የሚያተን ቬንትሌተር። የሸክላ እንስራ ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ውሃው የሚቀዘቅዘው በገላው የወጣው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው፤ እሳቸውም ሰውን እንስራ ሊያደርጉ ነበር። ግን ውሃ ይከብዳል፣ ያፈሳል፣ ሱሪ ያበሰብሳል፣ መሀል ሥራ ላይ ያልቃል። ከሁሉ የባሰው መጠኑ ነው። ሲበዛ ይንጠባጠባል፣ ሲያንስ ይደርቃል፤ ሰውየው ደረጃ ሲወጣ የሚያስፈልገው ሌላ፣ ቁጭ ሲል ሌላ። ይህን ለማስተካከል ሴንሰር ሊገባ ነው፤ ሴንሰሩን የሚያዳምጥ ኮምፒውተርም እንዲሁ፤ ልብሱ ልብስ መሆኑ ሊቀር ነው።

መላው የተገኘው ውሃውን በመተው ነው። ለካ የሰው ሰውነት ራሱ ውሃ ያወጣል። ሲሞቀው ያልበዋል፣ ሲበርድለት ያቆማል፤ ልኩን የሚያውቀው አንጎል ነው። ታንኩም ፓምፑም ሴንሰሩም ቆዳ ሥር ከተፈጠረ ቆይቷል። የጎደለው ላቡ ሳይንጠባጠብ እዚያው እንዲተን የሚያደርግ ነፋስ ብቻ ነበር።

ሂሳቡን ለሠራው ሰው ነገሩ ያስደንቃል። አንድ ሊትር ላብ ከቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲተን 2.4 ሚሊዮን ጁል ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። በአንድ ሰዓት ውስጥ ቢተን ከ650 ዋት በላይ ሙቀት ተወሰደ ማለት ነው፤ ቁጭ ያለ ሰው የሚያመነጨው 100 ዋት አካባቢ ነው። ስለዚህ አቅም አልጠፋም። የጠፋው ላቡ የሚሄድበት ነው። ልብስና ቆዳ መሀል ያለው አየር በእርጥበት ይጠግብና ተጨማሪ አልቀበልም ይላል፤ ላቡም በጀርባ ኮለል ብሎ ሱሪ ውስጥ ይገባል። ከአገጭ ላይ የተንጠባጠበ ላብ ማንንም አያቀዘቅዝም፤ ውሃና ጨው ማባከን ነው። ጥቂት ዋት የሚበሉ ሁለት ቬንትሌተሮች የጠገበውን አየር ገፍተው በደረቀ ሲተኩት ግን ያ ሁሉ መቶ ዋት ሥራ ይጀምራል።

ከዚህ በኋላ ያለው የልብስ ሰፊ ጥበብ ነው፤ እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝም እሱ ነው። መጀመሪያ ነፋሱ ወዴት ይንፈስ? የሞቀውን አየር ወደ ውጭ መሳብ የሚሻል ይመስላል፤ ኩሽና ውስጥ የምንሰቅለው ቬንትሌተር የሚያደርገው እሱን ነው። ልብስ ላይ ግን አየሩ ወደ ውጭ ሲሳብ ጨርቁ ቆዳ ላይ ይለጠፍና መንገዱ ይዘጋል። ወደ ውስጥ ሲነፋ ግን ጃኬቱ ያብጣል፤ ክፍተቱን የሚጠብቀው ነፋሱ ራሱ ነው፤ ሽቦም ስፖንጅም አይፈልግም። ሠራተኞቹን እንዲያ ወፍራም የሚያስመስላቸው ይኸው ነው።

ጨርቁም እንደዚያው ግምትን ያፈርሳል። ለሙቀት የሚሆን ልብስ ሲባል ሁላችንም ሳሳ ያለ፣ አየር የሚያሳልፍ እናስባለን። ይህኛው ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ መሆን አለበት። አለበለዚያ ነፋሱ ወገብ አካባቢ ገና እንደገባ በጨርቁ ቀዳዳ ሾልኮ ይወጣል፤ ትከሻ ላይ የሚደርሰው ኢምንት ነው። የታችኛው ጠርዝ በላስቲክ ይታሰራል። አየሩ ጀርባን ሽቅብ እየላሰ ሄዶ መውጫው አንገትና የእጅጌ ጫፍ ብቻ ነው። ኮሌታው ውስጥ ከማጅራት በኩል የምታጥር የምትረዝም ማሰሪያ አለች፤ ሥራዋ ኮሌታውን ከአንገት አላቃ ነፋሱን ጭንቅላት ሥር ማውጣት ነው። ያቺን ማሰሪያ ሳይነካ የሚለብስ ሰው የጃኬቱን ግማሽ ጥቅም ጥሎታል። ከውስጥ የሚለበሰው ካናቴራም ሰፊ ከሆነ መንገዱን ይዘጋል፤ ገላ ላይ ልክክ ማለት አለበት። ቬንትሌተሮቹ ከኋላ ዝቅ ብለው የተቀመጡትም በምክንያት ነው፤ ከፊት ቢሆኑ ሰውየው ባጎነበሰ ቁጥር ይደፈናሉ።

በ2004 ኢቺጋያ ኩቾፉኩ የሚባል ኩባንያ አቋቁመው ጃኬቱን ገበያ ላይ አወጡ። ሐሳቡ ያማረ ቢሆንም ዕቃው ገና ነበር፤ ሽቦ ይበጠሳል፣ ቬንትሌተር ይቆማል፣ ባትሪ ድንጋይ ቶሎ ያልቃል። ሥራ ላይ የሚለበስ ነገር ላብና አቧራ ይጠጣል፣ ይጎተታል፣ ይወድቃል፤ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀመጥ ማሽን ጋር አይገናኝም። ደግሞም ያበጠ ጃኬት ለብሶ መታየት ማንንም ያሳፍራል። ገበያውን የከፈተው ጥፋት ነው። በመጋቢት 2011 የመሬት መንቀጥቀጡና ሱናሚው የፉኩሺማን የኑክሌር ጣቢያ ሲመታ፣ ሌሎቹም ጣቢያዎች አንድ በአንድ ሲቆሙ፣ አገሩ መብራት ቆጥብ ተባለ። ትናንት የተሳቀበት ጃኬት ያን በጋ ተፈላጊ ሆነ። ሊቲየም ባትሪ ጉዞውን አቀለለው፤ በኋላ እንደ ማኪታ ያሉ የመሣሪያ አምራቾች ገብተው መሰርሰሪያው የሚሠራበት ባትሪ ጃኬቱንም እንዲያንቀሳቅስ አደረጉ። ለብየዳና ለግራይንደር ሠራተኛ ብልጭታ የሚያቀልጠው ፖሊስተር አይሆንም፤ ለእሱ ጥጥ አለ። ከፍታ ላይ ለሚሠራውም የደህንነት ቀበቶው ገመድ ከጀርባ የሚወጣበት ቀዳዳ ተበጀለት።

የኢቺጋያ የቀድሞ ቤት ሶኒ በ2020 ራሱ ያወጣው ዕቃ በሌላ መንገድ የሄደ ነው። ሬኦን ፖኬት ይባላል፤ ማጅራት ላይ ተለጥፎ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት አንድ ፊቱ የሚቀዘቅዝ ሌላ ፊቱ የሚሞቅ ትንሽ ሰሌዳ አለው። ሸሚዝ ሥር ስለማይታይ ለቢሮ ሰው ይመቻል። የሚነካው ቆዳ ግን የመዳፍ ያህል እንኳ አይሞላም። አንገት ላይ የሚንጠለጠለው፣ አሁን በየገበያው የሚሸጠው ቬንትሌተርም ለፊት ደስ ይላል እንጂ ሲሚንቶ ለሚሸከም ሰው እርዳታው ትንሽ ነው።

ነፋስ ግን ድንበር አለው፤ ይህንንም ሰው ያወቀው ከቬንትሌተር በፊት ነው። በ1774 ለንደን ውስጥ ቻርልስ ብላግደን፣ ጆርጅ ፎርዳይስ፣ ጆሴፍ ባንክስና ጓደኞቻቸው በምድጃ እስከ 127 ዲግሪ የጋለ ክፍል ውስጥ ገብተው ቆዩ፤ የሰውነታቸው ሙቀት እምብዛም ሳይጨምር ወጡ። አብሯቸው የገባ እንቁላል በ20 ደቂቃ ጠጠረ። ቁራጭ ሥጋ በ33 ደቂቃ ከመጠን በላይ በሰለ። ሌላ ቁራጭ አስቀምጠው በወናፍ ሲያናፉበት ግን በ13 ደቂቃ አብዛኛው በሰለ። አየሩ ከሥጋው ይሞቃል፤ ሥጋው አያልበውም፤ ስለዚህ ነፋሱ ማብሰያ ሆነ።

ወናፉ የነገራቸውን የሲድኒ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 በሰው ላይ ለኩት። 12 ወጣት ወንዶችን በሁለት ዓይነት ሙቀት፣ ቬንትሌተር እየበራና እየጠፋ አስቀመጧቸው። 40 ዲግሪና 50 በመቶ እርጥበት በሆነው ወበቅ ነፋሱ የውስጥ ሙቀታቸውንም የልባቸውንም ድካም ቀነሰ። 47 ዲግሪና 10 በመቶ እርጥበት በሆነው ደረቅ ሐሩር ግን ጎዳቸው። ብዙ ሰው ተቃራኒውን ይጠብቃል። ነገር ግን በደረቅ አየር ላቡ ያለ ነፋስም ሙሉ በሙሉ ይተናል፤ ነፋሱ የሚጨምረው ትነት የለም፣ ሙቀት ብቻ ያመጣል። በወበቅ ላይ ግን የሚተን ላብ ተርፏል፤ ነፋሱም ሥራ ያገኛል። ተመራማሪዎቹ ኋላ ባወጡት ስሌት ቬንትሌተር እርጥበቱ ምንም ቢሆን ለጤነኛ ወጣት እስከ 39፣ ለአረጋዊ እስከ 38 ዲግሪ ድረስ ይጠቅማል። ቁጥሩ ግን ለተቀመጠ ሰው ነው፤ አካፋ ለያዘ ሰው ስሌቱ ይለያል።

ስለዚህ ለጃፓን እርጥብ በጋ የተሰፋው ጃኬት በረሃ ላይ ያንኑ ያህል ይሠራል ብሎ መግዛት ሞኝነት ነው። ብዙ ወገኖቻችን በሚሠሩበት በዓረብ ባሕረ ሰላጤ የቀን ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 ይዘልላል፤ የተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ሕግ ከሰኔ 15 እስከ መስከረም 15፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ድረስ፣ በአገራችን ሰዓት ማለቴ ነው፣ ፀሐይ ላይ መሥራትን የሚከለክለው ያለ ነገር አይደለም። እዚያ የሚያዋጣው ኢቺጋያ የጣሉት ውሃ ነው፤ ካናቴራን ነክሮ መልበስ ሰውነት ያላወጣውን ላብ ይተካል፤ በላዩ የሚነፍሰው ነፋስም የሚያተነው ያገኛል።

ጃፓን ከሰኔ 2025 ጀምሮ አሠሪዎችን የሚያስገድድ ደንብ አውጥታለች። ሙቀቱ 31 ዲግሪ ሲደርስ፣ ሥራውም ከአንድ ሰዓት በላይ ሳያቋርጥ ወይም በቀን ከአራት ሰዓት በላይ የሚዘልቅ ከሆነ፣ ሠራተኛ ሲታመም ለማን እንደሚነገር አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ከሥራ እንዴት እንደሚወጣ፣ ሰውነቱ በምን እንደሚቀዘቅዝ፣ ወደ የትኛው ሐኪም ቤት እንደሚወሰድም ተጽፎ ለሠራተኛው መነገር አለበት። ጃኬት አልብሱ የሚል ግዴታ ግን ደንቡ ውስጥ የለም።