ሕዝብ የመከረበት ሥራ ይጸናል

መንገድና ድልድይ፣ ንጹሕ ውሃ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ለአንድ አገር ዕድገት እጅግ አስፈላጊ መሆናቸውን የማያውቅ የለም። ነገር ግን የተሠራው ሁሉ አይጸናም። አንዱ ምንጭ ተገንብቶ ለልጅ ልጅ ሲተርፍ፣ ሌላው በተመረቀ በሁለተኛው ዓመት ቧንቧው ይደርቅና ሴቶች እንስራቸውን አዝለው ወደ ቀድሞው ወንዝ ይመለሳሉ። ሁለቱም የተሠሩት ከአንድ ዓይነት ስሚንቶና ከአንድ ዓይነት ብረት ነው። እንግዲህ ልዩነቱ ከወዴት መጣ? ይህን መመርመር ለባለሥልጣንና ለመሐንዲስ ብቻ የሚተው አይደለም፤ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚልክ፣ ለቤቱ ውሃ የሚያስቀዳ ቤተ ሰብ ሁሉ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው።

ለዚህ ጥያቄ ምሳሌ ለመፈለግ ወደ ሩቅ አገር መሄድ አያሻንም። በከምባታ ምድር ይገኛል። አዲሎና ዱራሜ የሚገኙበት ይህ አገር እንሰት በየጓሮው የሚተከልበት፣ ሕዝቡም በብዛት ተጠጋግቶ የሚኖርበት ነው። እንዲህ ባለ ስፍራ ክረምት ገብቶ ወንዝ በሞላ ጊዜ፣ ድልድይ ከሌለ ልጅ ከትምህርቱ፣ ገበሬ ከገበያው፣ ምጥ የያዛትም ሴት ከሐኪም ትለያለች።

ከዚሁ ከከምባታ ተወልደው በኢየሩሳሌምና በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት የተከታተሉት ዶክተር ቦጋለች ገብሬ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ዓ.ም. ከእኅታቸው ጋር በመሆን የከምባታ ሴቶችን የሚረዳ ማኅበር አቋቋሙ። ወደ አገራቸው የመለሳቸው ዋነኛ ሐሳብ የሴት ልጅ ግርዛትንና በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ሌላ ጉዳት ማስቀረት ነበር። እርሳቸውም በልጅነታቸው ይኸው ድርጊት የተፈጸመባቸው ናቸውና ሥቃዩን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሳቸው ሰውነት ያውቁት ነበር። ሆኖም ሕዝቡን ሰብስበው በተናገሩ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ሌላ ነገር አመለከቷቸው፤ ልጆቻችን ወደ ትምህርት ቤት፣ እኛም ወደ ገበያ የምንሻገርበት ድልድይ የለንምና አስቀድሞ ድልድይ ይሠራልን አሉ።

በዚህ ጊዜ ብዙ የተማረ ሰው የሚሳሳትበት ስፍራ ነበር። እኔ የመጣሁት ለድልድይ አይደለም፤ እናንተ የሚበጃችሁን አታውቁም ማለት ይቻል ነበር። ዶክተር ቦጋለች ግን የሕዝቡን ቃል ሰሙ፤ ድልድዩም ተሠራ። ሕዝቡም ይህች ሴት የምትሰማ ናት ብሎ አመናቸው። ከዚያ በኋላ ስለ ግርዛት ለመነጋገር በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው ከወጣቱ፣ ወንዱ ከሴቲቱ ጋር በአንድ ሸንጎ ተቀምጠው በየጊዜው ተወያዩ፤ ስብሰባውን የሚመሩትም ከውጭ የመጡ ሰዎች ሳይሆኑ ከራሳቸው የተመረጡ ነበሩ። በመጨረሻም ውሳኔው የእድሩ ደንብ ሆነ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ባስጠናው ጥናት እንደ ተገለጸው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ድርጊቱ ይቀጥል ይሉ የነበሩት ሰዎች ከመቶ 97 ሲሆኑ፣ በ2008 ዓ.ም. ግን ከመቶ 5 እንኳ አልሞሉም። ዶክተር ቦጋለችም በ2005 ዓ.ም. የንጉሥ ቦዱዊን የአፍሪካ ልማት ሽልማት በብራስልስ ተሰጥቷቸዋል፤ በ2012 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል።

ለእኛ ለክርስቲያኖችም ነገሩ ግልጥ ነው፤ ለአብርሃም የተሰጠው የግዝረት ሕግ ለወንዶች ብቻ ነበረ። በሴቶች ልጆቻችን ላይ የሚፈጸመውን ያዘዘ አንድም የመጽሐፍ ቅዱስ ስፍራ የለም።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክና ከሌሎችም የአገራችን ሥራዎች የምንማረው ምንድር ነው?

አንደኛው፣ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ባለቤቱን መጠየቅ ነው። ለሕዝብ የሚጠቅመውን ነገር ከሩቅ ሆኖ የሚቆርጥ ሰው፣ በጎ አሳቢ ቢሆንም እንኳ፣ ውሃ በሌለበት አዳራሽ፣ አስተማሪ በሌለበትም ትምህርት ቤት ሊሠራ ይችላል። ሕዝቡም ያልጠየቀውን ነገር እንደ ሰው ንብረት ያየዋል።

ሁለተኛው፣ ባለቤቱ ከገዛ እጁ የሚያወጣው ድርሻ ነው። በ1950ዎቹ ዓመታት ከዓለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ሶዶ የሚዘልቀውን መንገድ ለማሠራት ሕዝቡ ማኅበር አቋቁሞ ገንዘብ ማዋጣቱ የታወቀ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ የብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት መዋጮ ትልቁን ሥራ አቀለለው። ነገር ግን መዋጮ ሲባል በግድ የሚሰበሰብ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። ያልመከረበትን ሥራ እየተገደደ የሚሠራ ሰው ድንጋዩን ያነሣል እንጂ ልቡን አያኖርበትም። ድሀውም ከአቅሙ በላይ እንዲከፍል መጠየቅ የለበትም፤ የመንግሥትም ግዴታ በሕዝብ መዋጮ አይሻርም።

ሦስተኛው፣ ከምረቃው በኋላ ማን ይጠብቀዋል የሚለው ነው። ሪባን የሚቆረጥበት ቀን አንድ ነው፤ ቧንቧ የሚበላሽበት ቀን ግን ብዙ ነው። በአርሲ የሚገኘው የሄጦሳ የመጠጥ ውሃ ለዚህ መልካም ምስክር ነው። ከተራራ ምንጭ ተነሥቶ ያለ ሞተር በቁልቁለቱ ብቻ እየወረደ፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ቧንቧ በብዙ ቀበሌዎችና በትናንሽ ከተሞች ተከፋፈለ። ተጠቃሚዎቹም ከራሳቸው መካከል አስተዳዳሪዎችን መረጡ፤ ለሚቀዱት ውሃ መጠነኛ ዋጋ እየከፈሉ ሠራተኛ ቀጠሩ፤ የተሰበረውንም ጠገኑ። የውሃው ዋጋ ሳንቲም ይሁን እንጂ በእጃቸው የተያዘው መዝገብና ሒሳብ ከብረቱ ይልቅ ሥራውን አጸናው። ሒሳቡ በግልጥ የማይነበብ ማኅበር ግን መዋጮውም መተማመኑም አብረው ይጠፉበታል።

አራተኛው፣ አገልጋዩ ለሚገለገለው ሰው የቀረበ መሆኑ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ሁለት ሠራተኞችን መደበ፤ እነዚህም በአብዛኛው ከዚያው አካባቢ ተመርጠው አንድ ዓመት የሠለጠኑ ወጣት ሴቶች ናቸው። ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ቋንቋውን የምታውቅ፣ የጎረቤት ልጅ የሆነች ሠራተኛ ቤት ለቤት እየዞረች ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤትና ስለ ወሊድ ብታስተምር እናቶች ይሰሟታል። በኢትዮጵያ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ሕፃናት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2000 ዓ.ም. ከ1,000 ልጆች 166 ነበሩ፤ በ2016 ዓ.ም. ወደ 67 ወርደዋል። ለዚህ ውጤት ብዙ ምክንያቶች አሉት፤ የእነዚህ እኅቶች ድካም ግን ከዋነኞቹ አንዱ ነው።

ይህ ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ ትምህርት አይደለም። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ሊሠራ በተነሣ ጊዜ፣ አስቀድሞ በሌሊት ዞሮ የፈረሰውን በዓይኑ አየ፤ ከዚያም ሕዝቡን አማከረ፤ ብዙዎችም እያንዳንዳቸው በየቤታቸው አንጻር ያለውን ቅጥር ሠሩ። ሰው በደጁ ፊት ያለውን ቅጥር አሳስቶ አይሠራም። የመጣበትም ጠላት ከውጭ ብቻ አልነበረም፤ ሀብታሞች ድሆችን በወለድ በማስጨነቃቸው ሥራው ሊሰናከል ሲል፣ ነህምያ ገሥጾ የተወሰደው እንዲመለስ አደረገ። እንግዲህ ቅጥር በድንጋይ ብቻ እንደማይቆም፣ ፍትሕም እንደሚያስፈልገው ከዚህ እንረዳለን። ቤተ ክርስቲያናችንም በ1964 ዓ.ም. የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽንን ያቋቋመችው፣ ለነፍስ የሚታሰበው ለሥጋ ችግርም መታሰቡን እንዲያጸናው ነው።

የተወደዳችሁ አንባብያን፤ በአዲሎም ሆነ በሌላው ስፍራ እድር አለን፤ ሰንበቴና ማኅበር አለን። እነዚህ ለቀብርና ለዝክር ብቻ የተሰጡን አይደሉም። በሚቀጥለው ስብሰባ፣ ጠላው ተቀድቶ ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ፣ አንድ ጥያቄ ይነሣ፤ በመንደራችን ያለው የውሃ ቧንቧ ቢሰበር የሚጠግነው ማን ነው? ገንዘቡስ በማን እጅ ነው? በሸንጎው ውስጥ ውሃ የሚቀዱት እናቶች ተቀምጠዋልን? መልሱ ከጠፋ ሥራው ገና አልተፈጸመም ማለት ነው። መልሱ ከተገኘ ግን የሠራነው ለልጆቻችን ይተርፋል።

ልበ ሰፊነትንና መደማመጥን እግዚአብሔር ያድለን፤ የእጃችንንም ሥራ ያጽናልን። አሜን።