በጅቡቲ መንገድ የመኪና አደጋ በደረሰ ጊዜ ሊደረግ የሚገባው

ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ በጋላፊ በኩል የሚገባው የንግድ ዕቃ ሰርዶን፥ ሰመራን፥ ሎጊያንና ሚሌን አልፎ ወደ አዋሽ ይወጣል። ከአገራችን የገቢና የወጪ ንግድ አብዛኛው ክፍል የሚመላለሰው በዚሁ መሥመር ነው። ሎጊያ ሾፌሮች ምሳ የሚበሉባት፥ ጎማ የሚያስጠግኑባትና የሚያድሩባት ከተማ ናት። መንገዱ ሜዳማ፥ ሙቀቱ ብርቱ፥ የሾፌሩ ድካም ብዙ ስለሆነ፥ በሌሊትም ግመልና ከብት አስፋልቱን ስለሚያቋርጥ አደጋ በየጊዜው ይደርሳል። በዚያች ሰዓት የዕቃው ባለቤት በአዲስ አበባ በሱቁ ተቀምጦ ሳለ፥ የገንዘቡ ዕጣ የሚወሰነው ሾፌሩ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓቶች በሚያደርገው ነገር ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የተዘረዘረውን ነጋዴውም ሾፌሩም ጉዞው ሳይጀመር አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

አንደኛ፤ ከዕቃው በፊት ሰው ይቀድማል። ሾፌሩ ወዲያውኑ ቆሞ ሞተሩን ያጠፋል፤ ከኋላ የሚመጣውም መኪና እንዳይደርብ በሩቁ የማስጠንቀቂያ ምልክት ያኖራል። የተጎዳውን ሰው ወደ ሕክምና ማድረስ ግዴታ ነው፤ በሎጊያ አቅራቢያ የዱብቲ ሆስፒታል ይገኛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ጉዳት ያደረሰበትን ሰው ሳይረዳ ጥሎ የሚሄደውን ይቀጣል። የመኪናው ጭነት ነዳጅ ከሆነ እሳትና ሲጋራ መራቅ አለባቸው፤ የፈሰሰውን ሊቀዳ የሚመጣም ሰው ካለ መከልከል ያስፈልጋል።

ሁለተኛ፤ የትራፊክ ፖሊስ ሳይመጣና ሳይመረምር መኪናውን ከቦታው ማንቀሳቀስ አይገባም፤ የተጎዳውን ለማዳን የግድ ከሆነ ግን አስቀድሞ ቦታውን ምልክት ማድረግና ፎቶግራፍ ማንሣት ይበጃል። የሌላውን መኪና ሰሌዳ ቁጥር፥ የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ፥ የመድን ወረቀቱን ቁጥርና የምስክሮችን ስም መመዝገብም ያስፈልጋል። የፖሊሱ ሪፖርት ለመድን ድርጅትም ለፍርድ ቤትም ዋና ማስረጃ ስለሆነ ግልባጩን ሳይቀበሉ መቅረት ከፍ ያለ ጉዳት አለው።

ሦስተኛ፤ በአፋር ምድር የተለየ ጥንቃቄ የሚሻው የግመል ነገር ነው። ግመል ለአርብቶ አደሩ ቤተሰብ ወተቱም ሀብቱም ነው። የአፋር ሕዝብ መድዓ የተባለ የቆየ ባህላዊ ሕግ አለው፤ በዚህም የጎሣ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ስለ ጉዳቱ ካሣ ይነጋገራሉ። ችግሩም ከዚህ ላይ ነው፤ ሽማግሌዎች ነገሩ በቶሎ እንዲያልቅ ይፈልጋሉ፤ የመድን ውል ግን በልማዱ ድርጅቱ ሳያውቅ ጥፋትን ማመንና ካሣ መቁረጥን ይከለክላል። ሾፌሩ ብቻውን ተጨንቆ የፈረመው ወረቀት ዕዳውን በባለቤቱ ላይ ሊያስቀረው ይችላል። ስለዚህ ሾፌሩ ሽማግሌዎቹን በአክብሮት ተቀብሎ ሐዘኑን ይገልጻል፤ ፖሊስ በመካከል እንዲገኝ ይለምናል፤ ባለቤቱም ካሣው ከመቆረጡ በፊት ለመድን ድርጅቱ በስልክ ያስታውቃል። ስምምነት በተደረገ ጊዜ በጽሑፍ ሆኖ በሁለቱም ወገንና በምስክሮች ሊፈረም ይገባል።

አራተኛ፤ አደጋውን ለመድን ድርጅቱ ሳይዘገዩ በጽሑፍ ማስታወቅ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ለዚህ የሰጠው ጊዜ 5 ቀን ነው። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ማንኛውም ተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲኖረው ታዝዟል። ይሁን እንጂ ብዙ ነጋዴዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፤ ይህ መድን በሌላ ሰው ላይ የደረሰውን ጉዳት እንጂ የራስን መኪናም ሆነ የተጫነውን ዕቃ አይክስም። ለእነዚህ ለየብቻ መድን መግባት ያስፈልጋል፤ የባሕር ጉዞ መድን የገባም ሰው ውሉ እስከ ወደብ ብቻ ወይስ እስከ መጋዘኑ ድረስ እንደሚደርስ አንብቦ ሊረዳ ይገባዋል።

አምስተኛ፤ በትራንዚት የሚጓዝ ዕቃ የጉምሩክ ማኅተም ስላለበት፥ ኮንቴይነሩ ቢቀደድ ወይም ጭነቱን ወደ ሌላ መኪና ማዛወር ቢያስፈልግ ጉምሩክ ሳያውቅ መንካት አይገባም። የዕቃው ተቀባይም በሚረከብበት ጊዜ ጉድለቱንና ስብራቱን በመረካከቢያው ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ዝም ብሎ የፈረመ ሰው አጓዡን ለመጠየቅ ይቸገራል።

በመጨረሻም መኪና ያለው ነጋዴ ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት የመኪና ባለቤት መኪናውን ሌላ ሰው ቢነዳውም ለደረሰው ጉዳት ተጠያቂ ነው። ሁለት መኪናዎች በተጋጩ ጊዜ ደግሞ የአንዱ ጥፋት ብቻ መሆኑ ካልተረጋገጠ በቀር ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይቆጠራል፤ የካሣ ክስም በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ማስረጃ በጊዜው ያልሰበሰበ ሰው ያላጠፋውን ግማሽ የሚከፍለው በዚህ ምክንያት ነው።

አበው ሳይቃጠል በቅጠል እንዳሉት፥ የባለቤቱ፥ የመድን ድርጅቱና የትራፊክ ፖሊሱ ስልክ ቁጥሮች ከነዚህ ሥርዓቶች ጋር በአንድ ወረቀት ተጽፈው በየመኪናው ቢቀመጡ ወጪው ጥቂት፥ ጥቅሙ ግን ብዙ ነው።