በሱዳን ስላሉ ክርስቲያኖች

እኛ በአስኮ በየቤታችን ሆነን የካርቱም ወንድሞቻችንን መከራ ስንሰማ፥ ርዳታችን ምን መሆን እንደሚገባው እናስተውል። ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በተሰደዱ ምእመናን ቍጥሩ ሲጨምር የኖረው የሱዳን ክርስቲያን፥ ሃይማኖት መለወጥን በሞት የሚቀጣው ሕግ በሐምሌ 2012 ዓ.ም. በተሻረ ጊዜ ዕረፍት ያገኘ መስሎት ነበር። ነገር ግን ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ፤ በተከታዩም ወር በኦምዱርማን ያለ የቅብጦች ቤተ ክርስቲያን በታጠቁ ሰዎች ተደፈረ። ብዙዎች በመተማ በኩል ወደ አገራችን ገቡ።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኢየሩሳሌም ድኆች ገንዘብ ባሰባሰበ ጊዜ፥ የሚያደርሱትን የታመኑ ሰዎች ምእመናኑ ራሳቸው እንዲመርጡ አዘዘ። እኛም ያዋጣነው በማን እጅ እንደሚደርስ እንወቅ። ከስደት ለመጣው ማደሪያ እንፈልግለት፤ በከተማችን ኪራይ እንዴት እንደ ከበደ የማያውቅ የለምና። በዚያ የቀሩትን ግን ስማቸውንና የሚጸልዩበትን ስፍራ በአደባባይ አናውጣ፤ እኛ እዚህ በቍጣ የተናገርነው በእነርሱ ላይ ይደርሳል። በአስኮ አብሮን የሚኖረውን ሙስሊም ጎረቤታችንንም የካርቱምን ጥፋት አንቍጠርበት፤ በዚያው ጦርነት መስጊድም ተመትቷል፥ ቤቱን ጥሎ ከሸሸው ሕዝብም የሚበዛው ሙስሊም ነው።