ዝሆኔና ዘር በወላይታ

ሕፃናት ይዘውት ከሚወለዱት ቆልማማ እግር ጀምሮ ዘር ድርሻ አለባቸው የሚባሉ የእግር ሕመሞች ጥቂት ባይሆኑም፣ በወላይታ ዞን በቅርብ የተመረመረው ግን ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ይህም ትንኝ በምታስተላልፈው ትል ሳይሆን፣ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣ የዝሆኔ ዓይነት ነው። የአፈሩ ደቃቅ የማዕድን ብናኞች በቆዳ ዘልቀው የሊምፍ ቧንቧዎችን፣ ማለትም በሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ፈሳሽ ወደ ደም የሚመልሱትን ቀጫጭን ቱቦዎች፣ እንደሚያስቆጡ ይታመናል። በመጀመሪያ የእግር ጀርባ ያሳክካል፣ ሌሊት ሌሊት እግር ያቃጥላል፤ እየቆየ ጣቶች ይደድራሉ፣ ቆዳውም እንደ ኪንታሮት ይቋጥራል።

በአንድ ቤት እናትና ልጅ፣ ወንድምና እኅት ሲታመሙ ያየው ማኅበረሰብ በሽታውን ከዘር ማገናኘቱ ከንቱ ግምት አልነበረም፤ ጥፋቱ ከዚህ ተነሥቶ የታማሚውን ጤነኛ ዘመዶች ጭምር ከጋብቻ ማራቁ ነው። ጌይል ዴቪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት የደቡብ ኢትዮጵያ ቤተሰቦች ጥናት፣ በሰዎች መካከል ከሚታየው የተጋላጭነት ልዩነት 63 በመቶ ያህሉ ከዘር የሚመነጭ ሆኖ ሲገኝ፣ የታማሚ ወንድም ወይም እኅት የመታመም ዕድልም ከሌላው ሰው 5 እጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ ተገምቷል።

ከዚያም ፋሲል ተኮላ አየለና ባልደረቦቹ 194 የወላይታ ታማሚዎችን ከ203 ጤነኞች ጋር አነጻጽረው፣ ልዩነቱ ኤች ኤል ኤ በሚባሉት ጂኖች አካባቢ እንደሚገኝ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አሳተሙ። እነዚህ በ6ኛው ክሮሞሶም ላይ የሚገኙ ጂኖች ባዕድ ነገርን ለነጭ የደም ሕዋሳት የሚያሳዩ ፕሮቲኖችን የሚያሠሩ በመሆናቸው፣ ግኝቱ አንድ ዓይነት አፈር የሚረግጡ ሁለት ጎረቤታሞች ለምን እኩል እንደማይታመሙ ፍንጭ ይሰጣል።

ይሁንና ተጋላጭነትን የወረሰ ሰው እግሩ ከአፈሩ ጋር ካልተገናኘ በሽታው አይነሣበትም፤ ስለዚህ ከልጅነት ጀምሮ ጫማ ማድረግ የጂን ምርመራ ሳይጠብቅ የሚሠራ መከላከያ ነው። ለታመመውም ቢሆን እግርን በሳሙናና በጥቂት በረኪና በተበረዘ ውኃ አጥቦ ቫዝሊን መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለልና ጫማ ማድረግ እብጠቱን ይቀንሳል። ያበጠ እግር በገበያ ጫማ ስለማይገባ፣ ሶዶን መቀመጫው አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1998 የተጀመረው የሞሲ ፉት ፕሮጀክት የቀድሞ ታማሚዎችን ጫማ መስፋት እያሠለጠነ ሰፋፊ ጫማዎችን በልክ ሲያሠራ ቆይቷል።