እንቁላል በእግሩ የሚሄደው በስንት ቀን ነው?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ይህን አባባል የማያውቅ የለም። ልጆች ሳለን ሰምተነዋል፤ ለልጆቻችንም እንነግራቸዋለን። አዘውትረን ስለምንናገረው ግን ምን እንደሚል ልብ አንለውም። እስቲ ዛሬ እንቁላሉን ራሱን እንመልከተው። በእግሩ ለመሄድ ስንት ቀን ይፈጅበታል? እስከዚያስ ምን ይሠራል?

የዶሮ እንቁላል 21 ቀን ይታቀፋል። በመንደር ዶሮ ብትታቀፈውም፣ በከተማ በኤሌክትሪክ በሚሠራ ማስፈልፈያ ቢገባም ያው 21 ቀን ነው። ማስፈልፈያው በአንድ ጊዜ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል ይይዛል፤ ቀኑን ግን ሊቀንስ አልቻለም። የሚያስፈልገው ሙቀት 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። «ሙቀቱን ብጨምርበት ቶሎ ይፈለፈልልኛል» ብሎ የሚቸኩል ሰው ጫጩቱን እዚያው እንቁላሉ ውስጥ ይገድለዋል።

ታቅፋ የተቀመጠች ዶሮ ሥራ የፈታች ትመስላለች። እሷ ግን እንቁላሎቹን በቀን ውስጥ ደጋግማ ታገላብጣለች። ካልተገላበጡ ፅንሱ ከቅርፊቱ ሽፋን ጋር ይጣበቅና ይሞታል። ለመብላትና ለመጠጣት ብድግ ትላለች፤ እንቁላሉ ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለች። ቀስ ማለት እንዲህ ያለ ሥራ ነው እንጂ እንቅልፍ አይደለም።

በመጨረሻው ቀን ጫጩቱ ከውስጥ ሆኖ ቅርፊቱን ይሰብራል። ትንሽ ቀዳዳ ከከፈተ በኋላ ብዙ ሰዓት፣ አንዳንዴም አንድ ቀን ሙሉ ዝም ይላል። ደክሞት የቀረ ያስመስላል። እኔ ልጅ ሆኜ አሳዘነኝና ቅርፊቱን በጥፍሬ ላጥኩለት። ደማ፤ ሞተም። እናቴ ተቆጣችኝ እንጂ ምክንያቱን አልነገረችኝም፤ ምናልባት እሷም አታውቀው ይሆናል።

ምክንያቱ ይህ ነው። ዝም ባለበት ሰዓት ጫጩቱ ሙሉ በሙሉ በሳንባው ወደ መተንፈስ ይሸጋገራል። በቅርፊቱ ሽፋን የደም ሥሮች ውስጥ ያለውን ደም ወደ ገላው ይመልሳል። የተረፈውን አስኳልም ወደ ሆዱ ያስገባል። ያ አስኳል ስንቁ ነው። ከተፈለፈለ በኋላ ሁለት ቀን ያህል ሳይበላ ሊቆይ የሚችለው በሱ ነው። እኔ ግን «ልርዳው» ብዬ ስንቁን ሳይቋጥር አስወጣሁት።

በቤታችንም የራሱ ጊዜ ያለው ነገር ብዙ ነው። የጤፍ ሊጥ ከተቦካ በኋላ 2 ወይም 3 ቀን ይቆያል። ከላይ ያቀረረው ውኃ ይቀዳል፤ አብሲት ይጣላል፤ ሊጡ ኩፍ ሲል ይጋገራል። የእንጀራ ዓይን የምንለው በሊጡ ውስጥ የተፈጠረው አየር ሲወጣ የሚተወው ቀዳዳ ነው። ሊጡ ጊዜውን ካላገኘ ዓይን አያወጣም። ይህን ግን ባለሙያ ሁሉ ስለሚያውቀው እዚህ ላይ አንቆይም።

ከእንጀራው የሚበልጠው የልጅ ነገር ነው። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን በአብዛኛው የሚሞተው ውኃና ጨው ከሰውነቱ ስለሚያልቅበት ነው። ማዳኛውም የጎደለውን መተካት ነው። ለዚህ በጤና ጣቢያ ኦ አር ኤስ የሚባል በከረጢት የታሸገ ዱቄት ይሰጣል።

እናትዬዋ ትደነግጣለች። ልጅ ሲታመም ማን አይደነግጥም? ደንግጣም የበጠበጠችውን በኩባያ ሙሉ በአንድ ጊዜ ታጠጣዋለች። ልጁ ያስመልሰዋል። «አልተስማማውም» ትልና ትተወዋለች። ልጁ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ምንም አላደረገውም፤ ያስመለሰው ጥድፊያው ነው።

ከ2 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በየአንድ ወይም በየሁለት ደቂቃው አንድ የሻይ ማንኪያ ይሰጠዋል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ታግሦ እንደገና፣ ከበፊቱም ቀስ ብሎ መጀመር ነው። «ማንኪያ ምን ሊጠቅመው?» የሚል ይኖራል። እስቲ እናስላው። የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ሊትር ይይዛል። በደቂቃ አንድ ማንኪያ ከሆነ በሰዓት 60 ማንኪያ፣ ማለትም 300 ሚሊ ሊትር ነው። የአንድ ሊትር ሲሶ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። ይህ ሆዱ ውስጥ የሚቀር ስለሆነ በኩባያ ጠጥቶ ካስመለሰው ይበልጣል። ጡት የሚጠባ ልጅም መጥባቱን አያቋርጥ።

የሚያስቸኩልም ጊዜ አለ። የልጁ ዓይን ከጎደጎደ፣ ፍዝዝ ካለ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ሰገራው ደም ካለበት ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ነው። መጠጣት የሚችል ከሆነ በመንገድም ላይ ማንኪያው አይቋረጥ።

ጤና ጣቢያው ዚንክ የሚባል እንክብልም ይሰጣል። ከ10 እስከ 14 ቀን የሚወሰድ ነው። ተቅማጡ ግን ከዚያ በፊት ሊቆም ይችላል። ያኔ «ድኗል» ብሎ እንክብሉን ማቆም ጫጩቱን በጥፍር ልጦ እንደ ማውጣት ነው። ዚንኩ በሚቀጥሉት 2 እና 3 ወራት በሽታው እንዳይመላለስበትም ያግዘዋል።

ፊደል የቆጠረው በቅርቡ የሆነ ሰው በጣቱ እየተከተለ ስለሚያነብ ያፍራል። ፈጥኖ የሚያነበው ጎረቤቱ ደግሞ ከረጢቱን አየት አድርጎ «ገባኝ» ይላል። ከረጢቱ ላይ የውኃው ልክ ተጽፏል። ብዙውን ጊዜ 1 ሊትር ነው፤ ከዚያ ያነሰ ውኃ የሚፈልግ ከረጢትም አለ። ውኃው ከልኩ ካነሰ ጨዉ ይበዛና ልጁን ይጎዳዋል፤ ከበዛም ጥቅሙ ይቀንሳል። እዚህ ላይ በጣቱ የሚያነበው ሰው ይሻላል። ቁጥሯ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ ሁለት ጊዜ ያንብባት። ውኃው ንጹሕ፣ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። የተበጠበጠው በ24 ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይደፋና አዲስ ይበጠበጣል።