ጎመንና ብርቱካን፦ ለጾም ማዕድና ለሕሙማን ስጦታ

ሕመምተኛ ሲጠየቅ ብርቱካን ይዞ መሄድ በሰበካዎቻችን የቆየ መልካም ልማድ ነው። ጎመንን ግን የችግር ጊዜ ምግብ አድርገን ስለምናየው በስጦታነት አናስበውም። «ጎመን በጤና» የሚለው ብሂል እንኳ ጎመንን ከማዕድ ሁሉ ዝቅ ያለ አድርጎ ይቆጥረዋል። ይሁን እንጂ የሁለቱን ይዘት አነጻጽሮ ማወቅ በውስን ገንዘብ ነዳያንን ለሚረዱ ሰበካ ጉባኤያት እጅግ ይጠቅማል።

ጉዳዩ ለጅጅጋ አካባቢ አዲስ አይደለም። በ1980 ዓ.ም. ከሰሜን ሶማሊያ በጦርነት የተሰደዱ ብዙ ሺህ ወገኖች ከጅጅጋ በስተ ምሥራቅ በሐርትሼክ መጠለያ ሰፍረው ነበር። ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ባለማግኘታቸው ስከርቪ የተባለው በሽታ ታየባቸው። ይህ ከቫይታሚን ሲ እጥረት የሚመጣ በሽታ ድድን ያደማል፤ መገጣጠሚያን ያሳምማል፤ ቁስል ቶሎ እንዳይሽር ያደርጋል። እህል ቢታደልም፣ ሆድ ቢሞላም፣ ሰውነት ሊራብ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

100 ግራም ብርቱካን 50 ሚሊ ግራም ያህል ቫይታሚን ሲ ይሰጣል። ይህም ለአዋቂ ሰው በቀን ከሚመከረው 45 ሚሊ ግራም ይበልጣል። ተመሳሳይ መጠን ያለው ጥሬ ጎመን እንደ ዝርያው ከ35 እስከ 90 ሚሊ ግራም ይኖረዋል። ነገር ግን ቫይታሚን ሲ በሙቀት ስለሚጠፋና በውኃ ስለሚሟሟ፣ ብዙ ተቀቅሎ ውኃው በተደፋ ጎመን ውስጥ ከግማሽ በታች ሊቀር ይችላል። ስለዚህ በዚህ ረገድ ሳይበስል የሚበላው ብርቱካን ይመረጣል።

በካልሲየም፣ በፎሌትና በቫይታሚን ኤ ግን ጎመን ብርቱካንን በብዙ ይበልጣል። 100 ግራም ጥሬ ጎመን ከ150 ሚሊ ግራም በላይ ካልሲየም ሲይዝ፣ ብርቱካን 40 ሚሊ ግራም ያህል ብቻ ይይዛል። በአካባቢያችን የግመልና የላም ወተት ቢኖርም፣ ጿሚው ምእመን በዐቢይ ጾም ለ55 ቀናት ከወተት ይታቀባል። በዚህ ወቅት ጎመን ለአጥንት የሚያስፈልገውን ካልሲየም በማስገኘት የወተትን ክፍተት በከፊል ይሸፍናል። ፎሌት ለነፍሰ ጡር እናቶች፣ ቫይታሚን ኤ ደግሞ ለዐይን ብርሃን ያስፈልጋሉ።

ከሁሉ የሚሻለው ሁለቱን ማስተባበር ነው። በጾም ወራት ብረት የምናገኘው ከምስር፣ ከሽሮና ከጎመን ሲሆን፣ ሰውነታችን ይህን ብረት የሚቀበለው በጥቂቱ ነው። በዚያው ማዕድ ብርቱካን ቢበላ ወይም ሎሚ ቢጨመቅ ግን የሚቀበለው መጠን ይጨምራል። ሻይና ቡና በአንጻሩ ስለሚቀንሱት ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ዘግይቶ መጠጣት ይገባል።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤያትና ለካህናት የሚከተለውን እንመክራለን፦

1. ለችግረኛ ቤተሰብ በሚደረግ ድጋፍ ጎመን አይጓደል፤ ለብርቱካን ገንዘብ ካልተረፈ ጥቂት ሎሚ ይታከልበት።

2. ጎመን ታጥቦ ይከተፍ፤ በጥቂት ውኃና ዘይት ለአጭር ጊዜ ይብሰል፤ ውኃው አይደፋ።

3. ውኃ በሚያጥርባቸው ከተሞች በአጸደ ቤተ ክርስቲያን አፈር በተሞላ ጆንያ ጎመን ይተከል፤ ሳሙና ያልነካው የእጣቢ ውኃም ለማጠጫ ይዋል።

4. ካህናት በስብከትና ሕሙማንን በሚጠይቁበት ጊዜ ይህን ለምእመናን ያስረዱ።

አፉ ለመረረውና ምግብ ለተጸየፈ ሕመምተኛ ብርቱካን ዛሬም ተገቢ ስጦታ ነው። ቤተሰቡን ከወር እስከ ወር የሚያቆመው ግን የጎመን እስር ነውና፣ ይዘነው ስንሄድ አንፈር።